የዶና ፌሊዝሚና ጎመን

የተጠራለትን ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው ባለጌ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ሻጭ ዋጋ ስትጠራ ጨዋታ መክፈቷ ነው፤ «አንተስ ምን ትላለህ?» ማለቷ ነው። ገንዘቡን ወርውሮ ዕቃውን አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው እጇን ለሰላምታ ብትዘረጋለት መዳፏ ላይ ሳንቲም እንደ ጣለ ይቆጠራል። ከመርከብ የሚወርዱት አገር ጎብኚዎች እንዲህ ናቸው። ማለዳ የፎቅ ቤት የሚያህለው መርከብ ወንዙ ዳር ይተፋቸዋል፤ በባጃጅ ተጭነው ሽቅብ ወደ ሳንታ ክላራ ሜዳ ይወጣሉ፤ «ስንት?» ይላሉ፤ ይከፍላሉ፤ ፎቶ ያነሳሉ፤ ይወርዳሉ። አገራቸው ሲገቡ ሊዝበንን አየን ብለው ያወራሉ። ምን አባታቸው አይተው!

እኔ እዚያ ሜዳ ላይ የሚቆመውን የሌባይቱን ገበያ ቅዳሜ ቅዳሜ ስረግጥ ዓመታት አልፈዋል። ስሙ ይኸው ነው፤ በአያቶቼ ዘመንም ይኸው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የተከራከርኩት ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ከነክዳኑ በጥቅል ጎመን አምሳል የተሠራ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ለአሥራ ሁለት ሰው የሚበቃ ትልቅ የሾርባ ማቅረቢያ ሸክላ ነው። እኔ የምኖረው ብቻዬን ነው። ሾርባም አልወድም።

የጎመኑ ባለቤት ዶና ፌሊዝሚና ትባላለች። ከሜዳው ዳር ካለው ገዳም ግንብ ሥር ሰማያዊ ብርድ ልብስ አንጥፋ፣ የሟች ባሏን ካፖርት ደርባ፣ አጭር በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የሚመስል ነገር አለ፤ ግን ቁጣ አይደለም፣ ንቃት ነው። ብርድ ልብሱ ላይ የሌሎች ሰዎች ሹካዎች፣ ክንዱ የተሰበረ ቅዱስ አንቶንዮስ፣ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ የሠርግ ፎቶዎች፣ መሐል ላይ ደግሞ ጎመኑ አለ።

«ዶክተር፣ መጣህ?» ትለኛለች ገና ከሩቅ። በኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሁሉ ዶክተር ነው፤ እኔ ጡረታ የወጣሁ ጠበቃ ነኝ። «ዛሬስ ስንት ሳንቲም ቋጥረህ መጣህ?»

«ይህ ጉድ እስካሁን ገዢ አላገኘም?»

«ገዢውማ ሰልፍ ነው። አንተን በንዴት ልገድልህ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ሰማንያ።»

«ባለፈው ቅዳሜም ሰማንያ ነበር።»

«ባለፈው ቅዳሜም አልገዛህም።»

«አምስት እሰጥሻለሁ።»

«አምስት ዩሮ! ዘፈሪኖ፣ ሰማህልኝ? በአምስት ዩሮ እንኳን ይህን፣ የሚበላውን ጎመን ከነአፈሩ አይሰጡትም!»

ዘፈሪኖ ጎረቤቷ ነው። በር የሌላቸውን ቁልፎች ይሸጣል፤ ማን እንደሚገዛቸው እግዚአብሔር ይወቅ። «ዶና ፌሊዝሚና፣ እዘኝለት እንጂ፤ ድሃ ነው» ይላል ከቁልፎቹ ላይ ቀና ሳይል።

«ድሃ? ይሄ? ድሃ ጠበቃ የት አይተህ ታውቃለህ! ቋጣሪ ነው በለው።»

እኔ ጎንበስ ብዬ መነጽሬን አደርጋለሁ፤ እዚህ ላይ ነው ክሱን የምከፍተው። «ቅጠሉ ተሰብሯል።»

«የቱ ቅጠል?»

«ይኸው። የጥፍር ያህል ጎድሏል።»

«እሱ ትል የበላው ነው። ሠሪው አዋቂ ስለሆነ ትል የበላው አስመስሎ ነው የሠራው። ትል ያልነካው ጎመን አይተህ ታውቃለህ? የት ታይና! አንተ ጎመን የምታውቀው በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ነው።»

«ሠሪው የሠራው ቢሆን ጉድለቱም ቀለም በተቀባ ነበር። ይህ ከእጅ ወድቆ የተሰበረ ነው።»

«ከማን እጅ?»

«ካንቺ።»

«ስማ ዶክተር፣ ይህን ጎመን ራስህ ላይ ብሰብረው ጭንቅላትህ ነው የሚሰነጠቀው፣ እሱ ምንም አይሆንም!»

እንዲህ እያልን ፀሐይዋ ግንቡን ትሻገራለች። ጀርባዬን ሰጥቼ እሄዳለሁ፤ ትጠራኛለች። ሰባ አምስት ትላለች፤ ስድስት እላለሁ፤ ተሰድባ ወደ ሰማንያ ትመለሳለች፤ እኔም ወደ አምስት። በዚህ መሐል አንድም ሰው አይጎዳም፤ አንድም ሰው ግን አያንቀላፋም። እኩለ ቀን ሲሆን ከማዕዘኑ መጠጥ ቤት የአሳማ ሥጋ በዳቦና ሁለት ብርጭቆ ቀይ ወይን አመጣለሁ። እሷ በርጩማዋ ላይ፣ እኔ የቲማቲም ሣጥን ገልብጬ፣ ጎን ለጎን እንበላለን። ስለ ጉልበቷ ታወራኛለች፤ ስለ አከራይዋ፤ ጧት አውቶቡስ ውስጥ ስለ ረገጣት ሰውዬ። እኔ ጋዜጣው በሳምንቱ የዋሸውን ሁሉ አንድ በአንድ እነግራታለሁ። ጋዜጦቼን ዕቃ መጠቅለያ እንዲሆኗት እሰጣታለሁ፤ ዳር ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩትን ስድብ ለዘፈሪኖ ጮክ ብላ ታነብለታለች።

አንድ ቀን ከአንድ ወጣት ሻጭ ጋር ልደባደብ ነበር። ከሰው ቤት ግድግዳ የተፈነቀሉ የድሮ ሰማያዊ ሸክላዎች ይሸጣል፤ ሲሚንቶው እንኳ ከጀርባቸው አልተነሳም። ሌባ ብዬ ጮህኩበት፤ የከተማውን ቆዳ እየገፈፍክ ነው አልኩት። ዶና ፌሊዝሚና የካፖርቴን ጫፍ ይዛ ጎተተችኝ። «ዶክተር፣ ተቀመጥ» አለችኝ፤ «የሌባይቱ ገበያ መጥተህ ምን ልታገኝ ነበር? ጳጳስ?» ሳቅሁ። ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅሁት ያኔ እንደሆነ አስታውሳለሁ።

የምኖረው ግራሳ ኮረብታ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው። በፎቁ ላይ አራት በሮች አሉ። ሦስቱ አሁን ለአገር ጎብኚ የሚከራዩ ስለሆኑ የቁጥር መክፈቻ ያለው የቁልፍ ሣጥን ተንጠልጥሎባቸዋል፤ በየሦስት ቀኑ ባለ ጎማ ሻንጣ የሚጎትቱ ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ እንደ ቤት ዕቃ ያልፉኛል። ከጓደኞቼ ግማሹ ሞተዋል። ከቀሩት ጋር ተጣልቻለሁ፤ በእያንዳንዱ ጠብ ትክክል የነበርኩት እኔ ነኝ። ለጋዜጣ የምልካቸውን ጽሑፎች አዘጋጆቹ ማተም ትተዋል። ዳቦ ሻጯ «ሌላስ?» ትለኛለች፤ «በቃኝ» እላለሁ፤ የሳምንቱ ወሬ ይኸው ነው። ቅዳሜ ጧት ደረጃውን ስወርድ ድምፄ መኖሩን ለማወቅ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።

ጎመኑን የገዛሁ ቀን ይህ ሁሉ እንደሚያበቃ አውቅ ነበር። በሰማንያም ገዛሁት፣ በስምንት፣ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ምን ብዬ ነው የምወጣው? ስለዚህ አልገዛም። እሷም ስለዚህ አትሸጥም። ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምን ነበር።

በኅዳር፣ በፍም የሚጠበሰው የካስታኛ ፍሬ ጭስ ገበያውን በሚሞላበት ወቅት፣ መደቧ ባዶ ሆነ። ሁለት ቅዳሜ መጣሁ፤ ባዶ ነው። ዘፈሪኖን ጠየቅሁት።

«ደረጃ ላይ ወደቀች አሉ» አለኝ። «ዝናብ ነበር። ዳሌዋ ነው መሰለኝ።»

«ቤቷ የት ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ሃያ ዓመት አጠገብህ ተቀምጣ ቤቷን አታውቅም?»

«አንተስ ታውቃለህ?» አለኝ። ቁልፎቹን መልሶ መደርደር ጀመረ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሰማያዊው ብርድ ልብስ ተነጥፎ አየሁ። እርምጃዬን አፈጠንኩ። ቀረብ ስል ግን በርጩማው ላይ የተቀመጠችው ሌላ ናት፤ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። ዕቃዎቹ እንደ ቆሻሻ ተከምረዋል። ሹካው ከማንኪያው ተቀላቅሏል። ቅዱስ አንቶንዮስ በፊቱ ተደፍቷል። ጎመኑ ከአንድ ጥንድ ጫማ ጎን ተቀምጧል።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ይህ ጉድ እስካሁን ገዢ አላገኘም?» አልኩ።

ቀና አለች። «ምን አሉኝ?»

«ስንት ነው?»

«እ... እርስዎ ስንት ይሰጡኛል?»

ይህ መጥፎ አጀማመር ነው። ሻጭ እንዲህ አትልም። ቢሆንም ልምዴን ይዤ፣ እንደ ስድብ ወርውሬ፣ «አምስት ዩሮ» አልኳት።

«እሺ፤ ይውሰዱት።»

«ምን?»

«ይውሰዱት። ከረጢት ይፈልጋሉ?»

«አንቺ ሴት፣ ይህ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ድምፄ ከፍ ማለት ጀመረ። «ይህ በእጅ የተሠራ ነው! እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው! እንዲህ ያለ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ሁለት መቶ ይጠሩበታል! በአምስት ዩሮ እንዴት ትሰጪኛለሽ?»

«አምስት ያሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«እኔ ገዢ ነኝ! እኔ ማለት ያለብኝን ነው ያልኩት! አንቺ ነሽ እምቢ ማለት ያለብሽ!»

ዘፈሪኖ ሳቁን ለመደበቅ አሳለ። ሴትዮዋ እኔን አየች፣ እሱን አየች፤ ዕብድ መሆኔን እንዲያረጋግጥላት የምትለምን ትመስላለች። «እሺ... አሥር?» አለች በፍርሃት።

«አሥር! ጭራሽ አሥር! ስድብ ነው ይሄ!»

ይህን ስናገር ሁለት ወጣቶች፣ ወንድና ሴት፣ ሻንጣቸውን በድንጋዩ ላይ እያንገጫገጩ መጡ። ልጅቷ ጎመኑን ከነክዳኑ አነሳችና «ስንት?» አለች በተሰባበረ ቋንቋችን። «አሥራ አምስት» አለች ሴትዮዋ፤ ምስኪን፣ ከእኔ ተምራ መጨመሯ ነው። ወጣቱ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«አትንኪው!» አልኩ በእንግሊዝኛ፤ ለዚህ ጉዳይ የሚበቃ እንግሊዝኛ አለኝ። «የሟች ጳጳስ ፖፖ ነው። በሽታ ነበረበት።»

ልጅቷ ጎመኑን ጫማው አጠገብ መልሳ አስቀመጠች፤ መዳፏንም በሱሪዋ ላይ ጠረገች። ሄዱ።

ያኔ ሴትዮዋ ተነሳች። «ቆይ፣ ቆይ» አለች፤ «እርስዎ ዶክተር ታቦርዳ ነዎት?»

«ማን ነገረሽ?»

«እኔ ሱዜት ነኝ፤ የፌሊዝሚና ልጅ። እናቴ ነገረችኝ። ሌላውን ሁሉ ባገኘሽው ዋጋ ሽጪ፣ ጎመኑ ግን ዶክተሩ ከመጣ የእሱ ነው፤ የሚልሽን ዋጋ ተቀብለሽ ስጪው አለችኝ። አትከራከሪው፣ ከጀመርሽ እስከ ምሳ አይለቅሽም አለችኝ።»

«መቼ ነው የምትመለሰው?»

ሱዜት ስልኳን ኪሷ ከተተች። «አትመለስም። ከወንዙ ማዶ ባሬሮ፣ ወንድሜ ቤት ናት። ዳሌዋ በቀዶ ጥገና ተቀይሯል፤ ግን ሕንጻው አሳንሰር የለውም፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው። መደቡን ለገበያው ጽሕፈት ቤት መልሰናል። ዛሬ የመጨረሻው ነው።»

እንዲህ ያለውን ነገር ሰዎች እንዴት እንደሚናገሩት ገርሞኝ ያውቃል። እንደ አውቶቡስ ሰዓት ይነግሩሃል።

«ደውዪላት» አልኩ።

«አሁን?»

«አሁን። የዋጋ ጉዳይ ነው። ካንቺ ጋር መነጋገር አልችልም፤ ሥልጣን የለሽም።»

ደወለች። «እማዬ፣ ዶክተሩ ነው፤ ላናግራት ብሎ ነው» አለችና ስልኩን ሰጠችኝ። ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ከወዲያ ቴሌቪዥን ይጮሃል፤ የሕፃን ልቅሶ አለ። በልቤ ስድቡን እያዘጋጀሁ ነበር። «ልጅሽ ልታከስርሽ ነው!» ልላት ነበር፤ «ምነው ከዘፈሪኖ ቁልፍ አንዱን አፏ ላይ ባደረግሽላት!» ልላት ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ዶክተር» አለች። «እንደምን ከረሙ?»

ድምፁ የእሷ ነው፤ አነጋገሩ ግን ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቅ ሰው አነጋገር ነው።

«ደ... ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሽ ደህና ነኝ። ስለ ጠየቁኝ አመሰግናለሁ።»

በመሐላችን ብርድ ልብሱ ሲኖር ቃል አጥሮን አያውቅም።

«ልጅሽ ጎመኑን በአምስት ዩሮ ልትሰጠኝ ነው» አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አደረግሁት፤ እሳቱ እንዲያያዝ። «በአምስት! ሰምተሻል?»

«ይውሰዱት፣ ዶክተር። እንኳን በአምስት በነጻም ይውሰዱት። ብዙ ተመላልሰውበታል። ባለመሸጤ ሲቆጨኝ ነው የኖረው።»

«ቅጠሉ ተሰብሯል እኮ» አልኩ። አሁን መለመኔ ነበር፤ እሷም ልመና መሆኑን ታውቀው ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ።

«አዎ» አለች ዶና ፌሊዝሚና። «ተሰብሯል። እኔው ነኝ ሳጥበው አምልጦኝ። እርስዎ እውነትዎን ነበር።»

በሕይወቴ ብዙ ክርክር አሸንፌያለሁ። እንደዚህኛው የመረረኝ የለም። እጄ ላይ ያለው ስልክ ሞቀኝ። ትል የበላው ነው በይኝ፤ ሠሪው አዋቂ ነው በይኝ፤ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ነው ጎመን የምታውቀው በይኝ። ይህን ሁሉ አላልኳትም። ከወዲያ አንዲት ሴት ምሳ ቀርቧል ብላ ስትጠራት ሰማሁ፤ ለአንድ የማይሰማ ሰው እንደሚጮኹት ነው የጮኸችው።

«ምሳ ሊያበሉኝ ነው» አለች። «አይቀየሙኝ። ደህና ይሁኑ፣ ዶክተር።»

«እግዚአብሔር ይማርዎ» አልኩ። አፌን አመለጠኝ፤ አንድም ቀን አንቱ ብያት አላውቅም።

ስልኩን ለሱዜት መለስኩላት። ከእኔ ዕድሜ የማይጠበቅ ነገር ዓይኔ ላይ እንዳታይ ወደ ወንዙ ዞርኩ። ታች መርከቡ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ከማዶ ባሬሮ በጭጋጉ ውስጥ ስስ መስመር ሆና ትታያለች። ቅርብ ናት፤ ጀልባ አለ። ሄጄ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ፣ በልጇ ሳሎን ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ምራቷ ሻይ አቅርባልኝ፣ «እንደምን ከረሙ?» ተባብለን ልንተያይ እንችላለን። ይህን ሳስበው ከመርከቡ ላይ መዝለል ይሻለኛል አልኩ።

«ምን አለችዎ?» አለችኝ ሱዜት።

«ሰማንያ አለች።»

«ማን? እማዬ?»

«ከሰማንያ አንድ ሳንቲም አልቀንስም አለች። ቅጠሉ ተሰብሯል ብላት ትል የበላው ነው ብላ ጮኸችብኝ። ድርቅ ያለች ሴት ናት። አልቻልኳትም።»

ለመብራት ልከፍለው ያወጣሁት ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ነበር። አራት ባለ ሃያ ዩሮ ኖት ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጥኩ። ዘፈሪኖ ከመቀመጫው ተነሳ፤ እሱ ሲነሳ አይቼ አላውቅም። «ዶክተር፣ አሞሃል እንዴ?» አለኝ።

«ዝም በል፤ ቁልፍህን ሽጥ።»

ሱዜት ገንዘቡን አላነሳችም። «ትናንት ማታ የሚልሽን ዋጋ ተቀብለሽ ስጪው ስትለኝ ነበር...»

«ሐሳቧን ለወጠች። ሴት ልጅ እናቷን አታምንም?»

አነሳችው። ፊቷ ላይ ግራ መጋባት ነበር፤ ቀስ እያለ ግን ሌላ ነገር መጣ። «ሰማንያ እንዳገኘችበት ብነግራት ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ስታወራ ትሰነብታለች» አለች። «እዚያ ቤት የሚያናግራት የለም። ወንድሜ ሥራ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ አይሰማትም ብላ ትጮህባታለች እንጂ አታናግራትም። እሷ ግን በደንብ ትሰማለች።»

ጎመኑን በላስቲክ ከረጢት ከተተችው። ከረጢቱ ተለጠጠ፤ ሊቀደድ ደረሰ።

«ንገሪያት» አልኩ። «ዶክተሩ ከፈለ፣ ግን ገበያው እስኪናወጥ ጮኸ በያት። ሌባ አለሽ በያት፤ እናትሽም አያትሽም ሌቦች ናቸው አለ በያት። ሲሰድብሽ ዋለ በያት።»

«ግን አልሰደቧትም እኮ» አለች ሱዜት። እናቷን መዋሸት የማታውቅ ሴት መሆኗ ከፊቷ ያስታውቃል፤ ስልኩን ስታነሳ ሁሉንም ታበላሸዋለች።

ስለዚህ ውሸታም እንዳትሆን ብዬ ጀመርኩ። ስለ እናቷ ጀመርኩ፤ ይህች አሮጊት ሽፍታ፣ ይህች የድንጋይ ልብ፣ ዓመታት ያደረቀችኝ፣ ለተሰበረ ሸክላ የጡረታ አበሌን የነጠቀችኝ አልኩ። ሱዜት መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ስለ ራሷም ቀጠልኩ፤ ማንኪያና ሹካ ስለ መቀላቀሏ፣ ቅዱሱን በፊቱ ስለ መድፋቷ፣ ሸክላ በላስቲክ ስለ መያዟ። ጎብኚዎች ቆመው ስልካቸውን ደቀኑብኝ፤ ወደ እነሱም ዞርኩ። መርከቡን ሰደብኩ፣ ባጃጆቹን ሰደብኩ፣ በጎረቤት በሮች ላይ የተንጠለጠሉትን የቁልፍ ሣጥኖች ሰደብኩ፣ አሳንሰር ሳይሠራ ሦስተኛ ፎቅ የገነባውን መሐንዲስ ሰደብኩ።

«በቃ፣ በቃ፣ ዶክተር፤ እነግራታለሁ!» አለች ሱዜት ዓይኗን እየጠረገች። «ሁሉንም እነግራታለሁ፣ ይበቃል!»

ሰምቻታለሁ። ነገር ግን ከጨረስኩ ጎመኑን አንጠልጥዬ ወደ ቤት መሄድ ነበረብኝና ቶሎ አልጨረስኩም።